የመውጫ ቀኑ ባዶ ይሁን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለአቶ ወልደጻድቅ ሣህሌ፤ አሶሳ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቆላው ተስማማዎት? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? በቆጂ ሳሉ ሐምሌ በገባ ቁጥር ቀኝ ጉልበትዎን ይይዝዎት ነበር፤ እዚያ ብርድ የለምና ትቶዎት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። የታከሙት ዓይንዎ ዳነ? ባለቤትዎ ናዝሬት ስኳሯ እንዴት አደረጋት? ልጅዎ ይስሃቅስ ሥራው፣ ልጁ ብሩክስ ትምህርቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ወገቤ አልፎ አልፎ ከሚያስቸግረኝ በቀር በእግሬ ሄጄ በእጄ ሠርቼ አድራለሁ። አሰላ ዝናቡ በርትቷል፤ የጭላሎን ተራራ ካየነው ሦስት ሳምንት ሆነን።

ይህን ደብዳቤ ሲያዩ ማን ጻፈላት እንደሚሉ አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም፤ እጁ የእኔ ነው። ፊደሎቹ ነፋስ እንዳዘመመው ገብስ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉትም ለዚህ ነው። የእርስዎ ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ ያስቅዎት ይሆናል፤ ይሳቁ። አባታችን ደብተሩን ለእርስዎ፣ እንስራውን ለእኔ ሲያድል ሰባት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ የቤት ሠራተኞች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተዘራ ሲበቅል እንዲህ ነው የሚበቅለው።

ይስሃቅ በየበዓሉ ይደውላል፣ እግዜር ይስጠው። ከእርስዎም ያገናኘኛል። እንደምን አላችሁ፣ ደህና ነን እንባባላለን፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ መስመሩ ተቋረጠ እንልና እንዘጋለን። መስመሩ ተቋርጦ አያውቅም። በስልክ ዝም ማለት ይቀላል። በደብዳቤ ዝም ያለ ሰው ግን ባዶ ወረቀት መላክ ሊኖርበት ነው፤ ያን ደግሞ ፖስታ ቤቱም ይስቅበታል። ስለዚህ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርዎ፤ የቆየ ነገር አይጠፋምና ኋላ እደርስበታለሁ። ማሂ ፕሮጀክቷን አልፋለች። በዚህ ወር መጨረሻ ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች። ያቺ አባቷን ገብረ መድህንን ስንቀብር የቀሚሴን ጫፍ ይዛ የነበረችው የመጨረሻ ልጄ ዛሬ ጥቁር ጋውን ተከራይታ በመስተዋት ፊት ትዞራለች። ኮሌጁ ማንንም ያለ ፕሮጀክት አያስመርቅም፤ የወደቀ ዓመቱን ጠብቆ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ በመጪው ዓመት ስልሳ ሞልቶኝ ጡረታ እወጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ልጅቷ በእግሯ ካልቆመች ሁለታችንም በአንድ ጡረታ ልንንጠለጠል ነበር። ስለዚህ ያለፉትን ወራት እንዴት እንደ ገፋኋቸው ይገምቱት። አሁን ግን ተንፍሻለሁ።

ፕሮጀክቷ ምን መሰለዎት? የተማሪዎች ክበባትን የአባልነት መዝገብ በኮምፒውተር ማደራጀት ነው። ዳታቤዝ ይሉታል፤ መጽሐፋቸው በአማርኛ የመረጃ ቋት ይለዋል። ቋት ሲባል ለእኔ የታየኝ የገብስ ጎተራ ነው። ማሂ ስቃ ስታበቃ፣ ልክ ነሽ፣ ልዩነቱ ከጎተራ የተወሰደ እህል ያልቃል፣ ከዚህ ግን ቢወስዱም አያልቅም አለችኝ። ልጄ ነገር ማስረዳት ታውቃለች፤ ይህ ከአባቷ ነው።

ክበባቱ እኔ በምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉት ናቸው። አሥራ አንድ ሆነዋል፤ ቀይ መስቀሉ፣ ሚኒ ሚድያው፣ አትሌቲክሱ፣ አካባቢ ጥበቃው፣ ሌላም ሌላም። እኔ እዚያ ተላላኪ ነኝ፤ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ አደርሳለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ፣ ደብተር እሸከማለሁ። ስለዚህ የክበቦቹን አያያዝ ከርእሰ መምህሩ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ክበብ አንድ ኃላፊ መምህር አለው፤ መምህሩም አንድ ደብተር አለው፤ የልጆቹ ስም ያለው እዚያ ደብተር ላይ ብቻ ነው። መምህሮቻችን ደግሞ እንደሚያውቁት ከየአገሩ ተመድበው የሚመጡ ናቸው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ጎበሳ፣ ከነገ ወዲያ አገራቸው። ሲዛወሩ ፍራሻቸውን ይጠቀልላሉ፤ ደብተሩም አብሮ ይጠቀለላል። ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። አዲሱ መምህር ሲመጣ አዲስ ደብተር ያሰምራል፤ ሦስት ዓመት ያገለገለችውም ትናንት የመጣውም እኩል ይመዘገባሉ።

ማሂ የተነሳችው ይህን ላስተካክል ብላ ነው። የመምህራኑን ደብተር አንድ በአንድ ለምና ስሞቹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። ከዚያ በፊት ግን ንድፍ የሚሉት ነገር አለ። ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገልብጣ በጀርባው ሳጥን ሳጥን ሣለች። ከላይ መምህር፣ ከሥሩ ክበብ፣ ከክበቡ ሥር ተማሪዎች፤ በመካከላቸው መስመር። ደብተሮቹ እንደዚያ ስለሆኑ እሷም እንደዚያ አደረገችው። እኔም አየሁትና ወደድኩት። አባወራው ከላይ፣ ቤተሰቡ ከሥር፤ ሥርዓት ያለው ቤት መሰለኝ። ሌላ ምንም አልታየኝም። ይህን የምነግርዎት በኋላ አዋቂ መስዬ እንዳልታይዎት ነው።

በግንቦት አጋማሽ ርእሰ መምህሩ ሥራዋ ይሞከር አሉ። የክበብ ቀን ሊከበር ስለሆነ ለአባላት ሁሉ ካርድ ከማሂ ኮምፒውተር ታትሞ እንዲታደል፣ ካርድ የያዘም በክረምቱ ሲሬ ለሚደረገው ችግኝ ተከላ እንዲሄድ ተወሰነ። የአካባቢ ጥበቃው ኃላፊ መምህር ዕዝራ በሚያዝያ ወደ ጎበሳ ተዛውረው ነበር። ከበዓሉ ዋዜማ የክበባቱ አስተባባሪ፣ የሄደ ሰው ስሙ እዚህ ምን ያደርጋል፣ አውጪው አሏት። አወጣችው። የነካችው አንድ ቁልፍ ነው።

በማግስቱ በሩ ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝ። ስም እያነበብሽ ካርድ ታድያለሽ አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ቀይ መስቀሎቹን ጨረስኩ፣ አትሌቲክሶቹን ጨረስኩ፤ አንድ ስም አልተሳሳትኩም። ከዚያ አሚራ መጣች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት፤ እንደ እናት አዴ ትለኛለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት በኋላ የጽድ ችግኝ ስታጠጣ በመስኮት አያታለሁ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁ። ደግሜ አየሁ። የገዛ ንባቤን ተጠራጥሬ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስተኛ አየሁ። ከዚያ፣ «ስምሽ የለም ልጄ፤ ወረቀቱ ላይ የለሽም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አዴ ተሻለች፣ እኔ የለሁም እንዴ?» አለችኝ።

ከኋላዋ የተሰለፉትም የሉም። አርባ ስድስት ልጆች ናቸው፤ አንዳቸውም የሉም። የሌሎቹ ክበቦች ልጆች ይስቁባቸው ጀመር፤ አንዱማ፣ ለካ እስከ ዛሬ ችግኙን ያጠጡት መናፍስት ናቸው ይላል። እኔ ግን የእነሱን ሳቅ አልሰማሁም። ጆሮዬ ላይ የቀረው ራሴ የተናገርኩት ነው። ያን ቃል አውቀዋለሁ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. እርስዎ በቆጂ ደጃፌ ላይ ቆመው የተናገሩት ቃል ነው።

ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም፤ እኔ ልጀምር። ገብረ መድህን በ2003 ሲሞት እድሩ የሚገባውን አደረገ፤ አልክድም። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ቀባሪው መጣ። ከዚያ በኋላ መዋጮ የሚሰበስበው ሰውዬ ደጄን መርገጥ ተወ። ለመበለት አዝነው መስሎኝ ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ መረቅኳቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ውሃ ቀዳሁ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ ልጄ ፍሰሐ በሃያ አራት ዓመቱ ሞተ። ሰው ላክሁ። ጥሩምባው አልተነፋም፤ ድንኳኑም አልመጣም። የመጡት እርስዎ ነዎት፤ አጎቱም፣ የእድሩ ጸሐፊም። መዝገቡን በብብትዎ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙና፣ «ተሻለች፣ መዝገቡ ላይ የላችሁም» አሉኝ። ከዚያ ዘወር ብለው ወደ ቤትዎ ሄዱ፤ ለቅሶው እስኪያበቃም ሌላ ቃል ከአፍዎ አልወጣም። ያን ቀን ከዝናብ ያስጠለለንን ድንኳን ከራሷ እድር ለምና ያመጣችው ጎረቤቴ ሀሊሜ ናት። የሙስሊሞቹ እድር አንድ ቀን ውሃ ያልቀዳሁለት እድር ነው፤ እሱ አስጠለለኝ፤ የቀዳሁለት ግን አላወቀኝም።

አሰላ የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም ለዚያ ነው። ማንበብ እንደ ቻልኩ ለለቅሶ በቆጂ ሄጄ ነበር፤ እርስዎ ያን ቀን ሲሬ ሄደዋል አሉ። ሊቀመንበሩን መዝገቡን ያሳዩኝ አልኳቸው፤ ምን ታነቢያለሽ ብለው ሳቁና ሰጡኝ። ሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ የገብረ መድህን ስም በምላጭ ተፍቋል፤ ወረቀቱ ስስ እስኪሆን። በላዩ የሌላ ሰው ስም በእርስዎ በዚያ ባማረ ጽሕፈት ሰፍሯል። የእኔን ስም ከተፋቀው ሥር ፈለግኩት፤ ገጹን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳይቀር ፈለግኩት። ከዚያ ነው የገባኝ። የእኔ ስም አልተፋቀም፤ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ሁላችንም በገብረ መድህን ስም ውስጥ ነበርን፤ እሱ ሲፋቅ አብረን ተፋቅን። መበለት ሄዳ በስሜ አዙሩልኝ ማለት እንዳለባት ሕጉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ለማታነብ ሴት የተጻፈ ሕግ።

ወደ ማሂ ልመለስ። ያን ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሯን ከፍታ አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ። መምህሩን ስታወጣ በሥሩ ያለው ክበብ፣ ከክበቡም ሥር ያሉት ልጆች አብረው ወጥተዋል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። በፍላሽ ያስቀመጠችውን ቅጂ ብታየው ያ ክበብ ከመግባቱ በፊት የነበረ ሆኖ ተገኘ። የመምህር ዕዝራ ደብተር ደግሞ ከመምህር ዕዝራ ጋር ሄዷል። ሥራዋን ፈታኞች ፊት ለማቅረብ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው። እማዬ አለቀልኝ አለችኝ። ደብተሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ እስካሁን ምንም አላለቀም አልኳት።

የመምህሩ ስልክ ቢደወል ቢደወል አይሠራም። ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎበሳ ሄድኩ። ረዳቱ፣ እማማ ለለቅሶ ነው ለሰርግ ይለኛል፤ ስደርስ ይታወቃል አልኩት። መምህር ዕዝራን ተከራይተው ከሚኖሩበት ጓሮ ካልሲ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሳሙናው ከእጃቸው ወደቀ፤ ተላላኪ ከአሰላ እስከዚህ ለደህና አትመጣም ብለው። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «አርባ ስድስት ሰው» አልኳቸው።

ነገሩን ሳስረዳቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አፈሩ፣ ካፈሩ በኋላ ደግሞ ተቆጡ። ደብተሩ የሁለት ዓመት ድካሜ ነው፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው አሉ። ችግኙን ያጠጣውስ ማን ነው አልኳቸው። እጃቸውን ከሳሙናው አለቀለቁ። እኔም ስመጣ የተቀበልኩት ነገር የለም፣ ከእኔ በፊት የነበረው ይዞት ሄዷል፣ እኔንም ደብተሩን አስረክብ ያለኝ የለም አሉ። ገብተው ከፍራሻቸው ሥር አወጡት፤ በጋዜጣ ተለብጦ ንጹሕ እንደሆነ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አርባ ስድስቱንም ስም አነበብኩ። ጊዜ ፈጀብኝ፤ እሳቸውም አላስቸኮሉኝም፣ ካልሲያቸውን እያሰጡ ጠበቁኝ። አሚራ አሥራ ዘጠነኛ ናት። ስመለስ ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ብይዘው አንዲት ሴት ሕፃን መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ። አይ ሕፃን አይደለም አላልኳትም፤ እግሬ ደክሞ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሂ ስሞቹን እንደገና ማስገባት ጀመረች። መላም አግኝታለች፤ ከእንግዲህ የመምህር ስም እንዳይሰረዝ አድርጌ እቆልፈዋለሁ አለችኝ። ታዲያ የሄደው መምህር ለዘላለም አለ ሊባል ነው ወይ አልኳት። እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። የእድሩን ነገር የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ቀን ነግሬያት አላውቅም። አጎቷን እንዳትጠላ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፤ እውነቱ ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ስለ ምላጩ፣ ስለ ሃያ ሰባተኛው መስመር፣ ሁላችንም በአንድ ሰው ስም ውስጥ ስለመኖራችን ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ፣ «አጎቴ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት ያውቃል እያልኩ ኖሬ፣ ልጄ ስትጠይቀኝ የወጣልኝ አላውቅም የሚለው ነው።

ከዚያ ተነስታ ካላንደሩን ከግድግዳው አወረደችና አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ተማሪውን ለብቻው በአንድ ሳጥን፣ ክበቡን ለብቻው በሌላ ሳጥን አደረገች፤ አንዱ ከሌላው ሥር አይደለም። በመካከላቸው ሦስተኛ ሳጥን ሣለችና አባልነት ብላ ጻፈችበት። እያንዳንዱ ልጅ እዚያ በገዛ ስሙ መስመር አለው፤ መስመሩ ላይ የገባበት ቀን አለ፣ የወጣበት ቀን አለ። መምህሩም ወደ ጎን ወጣ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ክበቡን መርቷል ተብሎ ይጻፋል እንጂ ከእንግዲህ ቤቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ አይቆምም። «እማዬ፣ የሄደ ሰው አይፋቅም፤ የሄደበት ቀን ይጻፋል» አለችኝ። የመውጫ ቀኑ ቦታ ባዶ የሆነ ሰውስ አልኳት። «ባዶ ከሆነማ አለ ማለት ነው» አለች። ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ቢሆን ኖሮ በሽንኩርቱ ባመካኘሁ ነበር።

ዓርብ ዕለት ጃንጥላዬን ይዤ ኮሌጁ በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ወላጅ አይገባም። ማሂ ኋላ እንደነገረችኝ ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። ከመካከላቸው መምህርት ወለላ የሚሏቸው ሳቅ የማያውቁ ሴት ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ፣ የክበቡ ኃላፊ ነገ ቢዛወር ልጆቹ ምን ይሆናሉ፣ እስቲ እዚሁ አውጪውና አሳዪኝ አሏት። ማሂ አይወጣም፣ የሄደበት ቀን ይጻፍለታል አለችና ጻፈች። ልጆቹን ቆጥሪያቸው አሏት። አርባ ስድስት። ይህን ከየት አመጣሽው ሲሏት፣ በቆጂ ካለ አንድ የቆየ መዝገብ አለች። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ መስሏቸው፣ እንግዲያው በማጣቀሻሽ ላይ ጻፊው አሏት። ጻፈችው። እኔ ያልተጻፍኩበት መዝገብ የልጄ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ተጽፎ ተቀመጠ፤ ይህን ሲሰሙ ይሳቁ እንጂ አይዘኑ፣ እኔም ስቄያለሁ። ማሂ ከበሩ ስትወጣ ጃንጥላዬን ተቀብላ ከፈተችልኝ፤ ዝናብ አልነበረም። ማለፏን ያወቅኩት በዚያ ነው።

አሚራም ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ባለፈው ሳምንት ሲሬ ደርሳ መጣች። መቶ ሃያ ችግኝ ተከልኩ አለችኝ፤ ግማሹን ባምናት ይበቃል። ሀሊሜ ከልጇ ከዘሀራ ጋር ለምረቃው ከበቆጂ ትመጣለች። ከሁሉ አስቀድሜ የጠራሁት እሷን ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ነገር። ማሂ አርባ ስድስት ልጅ ስታጠፋ ክፋት አልነበረባትም። እኔም አሚራን የለሽም ስላት ወረቀቱ ያለውን ነው ያልኩት። መምህር ዕዝራም ደብተሩን ሲጠቀልሉ ማንንም ሊጎዱ አላሰቡም። የእድሩን መዝገብ መጀመሪያ ያሰመሩትም እርስዎ አይደሉም፤ አንድ ቤት አንድ መስመር፣ በአባወራው ስም፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ጸሐፊ እንዳሰመረው ተቀብለው ቀጠሉ። አሥራ አንድ ዓመት ጥፋቱን በእርስዎ እጅ ላይ ሳየው ኖሬ፣ አሁን አሰማመሩ ላይ ሳየው ቀለለኝ። ደረቴ ላይ የተጫነ ድንጋይ ተነሳልኝ ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኔ አሚራን የለሽም ካልኳት በኋላ ጎበሳ ሄድኩ። እርስዎ የለሽም ካሉኝ በኋላ ወደ ቤትዎ ሄዱ። ስለዚህ መዝገቡን ይቅር ብያለሁ፤ ዝምታውን ገና ነኝ። ማሂ የጠየቀችኝን እኔም እርስዎን ልጠይቅ። ስሙን ሲፍቁ እኔና ልጆቼ አብረን እንደምንፋቅ ያውቁ ነበር? ካላወቁ አላወቅኩም ብለው ይጻፉልኝ፤ አምንዎታለሁ። ካወቁም ይጻፉልኝ፤ ከዝምታው ይሻለኛል።

ለናዝሬት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ይስሃቅን በየበዓሉ ስለሚደውልልን ያመስግኑልኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ በዓል ይደውል። ብሩክን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ማሂ ኮምፒውተር ላስተምረው ትላለችና ለክረምት ይላኩት። ማሂ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ያለችው ከልቧ ነው፣ አይቻታለሁ።

ለመልሱ ብዙ አይድከሙ፤ ዓይንዎ እንዳይጎዳ። በዚያ በማይጎብጥ ጽሕፈትዎ ለጥያቄዬ መልሱን ይጻፉና ከሥሩ ሁለት መስመር ያስምሩልኝ። በአንደኛው ላይ ፍሰሐ ገብረ መድህን ብለው የመጣበትንና የሄደበትን ቀን ይጻፉ፤ ሁለቱንም ያውቋቸዋል። በሁለተኛው ላይ ተሻለች ሣህሌ ይበሉ፣ በራሴ ስም። የገባሁበትን ዓመት ይሙሉልኝ። የመውጫ ቀኑን ግን ባዶ ይተዉት።

እህትዎ ተሻለች ሣህሌ
አሰላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.